ሕዝብን ለሚጠብቁ ፖሊሶች የሚገባ ምስጋና

(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በኦሪት ኢዮቤልዩ የተባለው ሃምሳኛው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የተሸጠው ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ለባርነት የተሰጠውም ወደ ወገኑ ይገባል። እንግዲህ ኢዮቤልዩ ለየሰው የሚገባው ሁሉ የሚመለስበት ዘመን ነው። ስለዚህ በዓሉን የሚያከብር ደብር ደስታውን ከመጀመሩ አስቀድሞ የማን ዕዳ እንዳለበት ሊመረምር ይገባዋል።

የደብሩ ዕዳ ብዙ ነው። ድንጋይ የተሸከሙት፥ እንጨት የጠረቡት፥ ርስታቸውን የሰጡት፥ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት መምህራን ስማቸው በዚህ መጽሐፍ በየገጹ ይነሣል። ነገር ግን በከተራ ሌሊት ታቦቱ ባደረበት ድንኳን ዙሪያ የደጋውን ብርድ ችሎ ቆሞ ያደረው ፖሊስ፥ በበዓል ግፊያ መካከል የጠፋውን ሕፃን አቅፎ ለእናቱ ያስረከበው ፖሊስ፥ የተሰረቀውን ጥማድ በሬ ዱካ ተከትሎ ያስመለሰው ፖሊስ ስሙን የሚያነሣ የለም። ሌላው ሰው በዓሉን ሲያከብር እርሱ ያከበረው በዘብ ላይ ቆሞ ነው። ይህም ነገር የዚህ ንግግር ምክንያት ሆነ።

የጎጃም ሰው ውለታ የማያውቅ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም የተደረገለትን በጎ ነገር ለልጅ ልጁ ይነግራል፤ ውለታ ቢስ ከመባልም ሌላ ስድብ ሁሉ ይቀልለዋል። ጕድለቱ ምስጋናውን በምን መንገድ እንደሚገልጸው አለመለየቱ ነው። አንዱ ምን ይዤ እሄዳለሁ ብሎ አፍሮ ዝም ይላል። ሁለተኛው ሙክት እየጐተተ ወይም ማር በገንቦ አሸክሞ ወደ ፖሊሱ ቤት በምሽት ይሄዳል። ፊተኛው ምስጋናውን ሳይወለድ ቀበረው፤ ኋለኛውም በቅን ልብ የጀመረውን ምስጋና ሳያውቅ አበላሸው።

ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ ማስተዋል ይገባል። ደብረ ማርቆስ መንቆረር ትባል በነበረበት ጊዜ፥ ከዚያም በኋላ በ1873 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ከተማዪቱ በቅዱሱ ስም በተጠራችበት ዘመን፥ በወር ደመወዝ የሚኖር ፖሊስ በአገሩ አልነበረም። ከብት የተሰረቀበት ሰው ቢኖር የአጥቢያው ሰው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ ይጠያየቅ ነበር፤ ነገሩንም ጭቃ ሹሙና ዳኛው ያዩት ነበር። ወደ ሹም ደጅ የሚሄድ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም፤ እንደ አቅሙ እጅ መንሻ ይዞ ይሄዳል። የሹሙ መተዳደሪያ ከባላገሩ የሚገኘው ግብርና መስተንግዶ ስለ ነበረ፥ እጅ መንሻ በዚያን ጊዜ የጨዋ ልማድ እንጂ ነውር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ግን የጥበቃው ሥርዓት ተለወጠ። ከጠላት ወረራ በፊት በአዲስ አበባ የአራዳ ዘበኛ የሚባል ነበረ። አገሩ ነጻ ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ ዐዋጅ ታወጀ፤ በእነዚያው በ1930ዎቹ ዓመታትም የአባ ዲና የፖሊስ ትምህርት ቤት ተከፍቶ መኰንኖች ይሠለጥኑበት ጀመር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም ክልሎች የየራሳቸውን ፖሊስ አቋቁመው እንዲያስተዳድሩ ሥልጣን ሰጣቸው። ፖሊስ የሚለው ስም ራሱ በጽርእ ቋንቋ ከተማ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ የከተማ ሥርዓት ጠባቂ ማለት ይሆናል።

እንግዲህ የዛሬው ፖሊስ የሚኖረው ከመንግሥት ግምጃ ቤት በሚከፈለው ደመወዝ ነው፤ ግምጃ ቤቱም የሚሞላው ሕዝቡ በሚከፍለው ግብር ነው። ስለዚህ ገበሬው ግብሩን በከፈለ ቀን የፖሊሱን ድካም ዋጋ አስቀድሞ ከፍሏል ማለት ነው። ዋጋው ከተከፈለ በኋላ በገበሬው ላይ የቀረው ዕዳ የአክብሮት ዕዳ ብቻ ነው። የአክብሮት ዕዳ ደግሞ በሙክት አይከፈልም።

ሕጉም እንዲሁ ይላል። ጥንት አገሩ ይዳኝበት የነበረው ፍትሐ ነገሥት ዳኛ መማለጃ እንዳይቀበል ይከለክላል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች ዐዋጅ ቍጥር 881ም ጉቦ ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም የሚያስቀጣ ነው። በቅን ልብ የተወሰደ የማር ገንቦ በሕግ ፊት በቀረበ ጊዜ ቅንነቱን ማን ይመሰክርለታል? ገንቦው አፍ የለውም። አመስጋኙ ሊያከብረው የወደደውን ሰው ለክስ፥ ራሱንም ለጭንቀት አሳልፎ ይሰጣል።

በጎጃም የቅኔ ቤቶች፥ በዋሸራም በደብረ ኤልያስም፥ ተማሪ ሰሙን ከወርቁ መለየት ይማራል። ስጦታም እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ምስጋና መስሎ ይታያል፤ ወርቁ ግን አንዳንድ ጊዜ፥ ነገ ችግር ቢመጣብኝ አትርሳኝ፥ ከጎረቤቴም ይልቅ እኔን አስቀድም ማለት ነው። ይህን ወርቅ ሰጪው ራሱ ባያስበው ተቀባዩ ሊያስበው ይችላል፤ ሁለቱም ባያስቡት የሚያዩት ጎረቤቶች ያስቡታል። ስጦታ የማምጣት አቅም የሌላት መበለትም፥ የእኔን ነገር ማን ያይልኛል ብላ ከደጁ ትርቃለች። ስለዚህ በስውር የሚሰጥ ስጦታ አንድን ፖሊስ ቢያስደስት፥ ጥበቃው የሁሉ መሆኑን በድሆች ዘንድ ያስጠረጥራል።

ቅዱስ መጽሐፍ ስለዚህ ነገር የሚነግረው ታሪክ የታወቀ ነው። የሶርያ ንጉሥ የጦር አለቃ ንዕማን በነቢዩ በኤልሳዕ ቃል በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ተጠምቆ ከለምጹ በነጻ ጊዜ፥ ብዙ ብርና ወርቅ ልብስም ይዞ ወደ ነቢዩ ተመለሰ። ነቢዩ ግን ቢለምነውም ቢያስገድደውም አልቀበልም አለ። ንዕማንም ገንዘቡን መልሶ ያዘና ልቡን ሰጠ፤ ከእግዚአብሔር በቀር ሌላ አምላክ እንዳያመልክ ቃል ገብቶ፥ የዚያን አገር አፈር በሁለት በቅሎ ጭኖ ይሄድ ዘንድ ለመነ። ይህ ፍጹም ምስጋና ነበረ። ነገር ግን የነቢዩ ሎሌ ግያዝ በስተኋላው ሮጦ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ፤ የንዕማንም ለምጽ በእርሱ ላይ ተመለሰ። ልብ ይበሉ፤ ንዕማን ክፉ አላሰበም፥ በደስታ ሰጠ። የደስታው ስጦታ ግን ለተቀባዩ ለምጽ ሆነበት።

ለምሳሌ ያህል አንድ የጮቄ ግርጌ ገበሬ በሬዎቹ ሌሊት ተሰርቀውበት፥ ፖሊሶች ሁለት ቀን በእግር ተከትለው በሩቅ ገበያ ሊሸጡ ሲሉ ያዙለት እንበል። ገበሬው ያለ በሬ የዘር ጊዜ ያልፍበት ነበር፤ እህሉም የልጆቹም ጉሮሮ በእነዚያ በሬዎች ላይ ነበረ። በዚያች ቀን ያለውን ሁሉ ቢሰጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሌባው ገና በፍርድ ቤት አልተፈረደበትም፤ በሬዎቹን የያዘው ፖሊስ ቀርቦ ይመሰክራል። ያን ጊዜ የሌባው ጠበቃ ተነሥቶ፥ ይህ ምስክር ከከሳሹ ሙክት ተቀብሎ የለምን ቢል፥ እውነተኛው ምስክርነት ይጠረጠራል፤ ምናልባትም ሌባው በዚሁ ሰበብ ይለቀቃል። እንግዲህ ሙክቱ የታረደው ለማን ሆነ? ለሌባው ሆነ።

ስለዚህ ነገሩ በፍርድ ላይ ሳለ ከአፍ ምስጋና በቀር ምንም አይሰጥም። ፍርዱ ካለቀም በኋላ ገንዘብና ገንዘብ ነክ ነገር በእጅም በሰውም አይላክም። ፖሊሱ ራሱ ለሻይ የሚሆን ብሎ ቢጠይቅ፥ ይህ ምስጋና መጠየቁ ሳይሆን ጉቦ መጠየቁ ነውና፥ ነገሩ ለአለቃው መነገር አለበት። መጥምቁ ዮሐንስም ጭፍሮች ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ፥ በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነው ያዘዛቸው።

ታዲያ የሚሰጠው ምንድር ነው? ቢባል መልሱ ቃል ነው፤ ይልቁንም የተጻፈ ቃል።

በመጽሐፈ አስቴር መርዶክዮስ በንጉሡ በር ተቀምጦ ሳለ ሁለት ጃንደረቦች ንጉሡን ሊገድሉ መማከራቸውን ዐወቀ፤ በአስቴርም አፍ ለንጉሡ አስነገረ። ነገሩ ተመርምሮ እውነት ሆነ፥ በታሪክ መጽሐፍም ተጻፈ። ለመርዶክዮስ ግን በዚያን ጊዜ አንዳች አልተደረገለትም፤ ተረሳ። ብዙ ቀን ካለፈ በኋላ ንጉሡ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጣና መጽሐፉን አስነበበ፤ የመርዶክዮስም ሥራ ተነበበ፤ ያን ጊዜ ስለዚህ ነገር ምን ክብር ተደረገለት ብሎ ጠየቀ። በማግስቱ መርዶክዮስ በከተማው አደባባይ በንጉሡ ፈረስ ተቀምጦ ክብሩ በዐዋጅ ተነገረለት። ሰው ረስቶት ነበር፤ መጽሐፉ ግን አልረሳውም። ባይጻፍ ኖሮ የንጉሡ እንቅልፍ ማጣት ምን በጠቀመው ነበር?

የዛሬውም ፖሊስ እንዲሁ ነው። በአፍ የተነገረው ምስጋና ያስደስተዋል፥ ነገር ግን አለቃው ሲለወጥ ወይም እርሱ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ይጠፋል። ወደ መሥሪያ ቤቱ የተላከው የምስጋና ደብዳቤ ግን በመዝገብ ቤት ቍጥር ተሰጥቶት ከግል ማኅደሩ ሊገባ፥ ዕድገትና ሽልማት በሚታይበት ቀንም ሊመሰክርለት ይችላል። በሐሰት ቢከሰስም ያ ወረቀት ስለ እርሱ ይናገራል። ሙክት በአንድ ቀን ይበላል፤ ደብዳቤ ግን ማኅደሩ እስካለ ይኖራል።

ደብዳቤውስ እንዴት ይጻፍ ቢባል፥ ወንጌላዊው ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ ያሳየውን መመልከት ይበቃል። ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮሜ በመርከብ ሲሄድ የሚጠብቀው ሰው ነበረ። ሉቃስ አንድ ወታደር ደግ ነበረ ብሎ አላለፈውም። ስሙ ዩልዮስ መሆኑን ጻፈ፤ ማዕርጉ መቶ አለቃ፥ ጭፍራውም የአውግስጦስ ጭፍራ መሆኑን ጻፈ። ያደረገውንም በቦታው ገለጠ፤ በሲዶና ጳውሎስ ወደ ወዳጆቹ ሄዶ እንዲረዱት ፈቀደለት፤ መርከቡም በተሰበረ ጊዜ ወታደሮቹ እስረኞቹ እንዳያመልጡ ሊገድሏቸው ሲማከሩ፥ ጳውሎስን ሊያድን ወድዶ ምክራቸውን ከለከለ። ስምን፥ ማዕርግን፥ ክፍልን፥ ቦታንና ሥራን አሟልቶ ስለ ጻፈው፥ የዚያ የሮማዊ ወታደር በጎነት ይኸው በጎጃም ደብር ይነገራል።

እንግዲህ የሉቃስን ሥርዓት የተከተለ ደብዳቤ እንደዚህ ያለ ይሆናል፤

«ለ……… ወረዳ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ። ስሜ ከዚህ በታች የተጻፈው የ……… ቀበሌ ነዋሪ፥ በ……… ቀን ……… ዓ.ም. ሌሊት ሁለት በሬዎች ተሰርቀውብኝ በማግስቱ ጧት ለጽሕፈት ቤቱ አመልክቼ ነበር። በጽሕፈት ቤቱ የሚሠሩት ምክትል ሳጅን ……… እና ኮንስታብል ……… ሁለት ቀን በእግር ተከታትለው በ……… ገበያ በሬዎቹን አስይዘው አስረክበውኛል። በቃላቸውም በሥራቸውም በትሕትና አስተናግደውኛል፤ ከእኔም አንዳች አልጠየቁም። ስለዚህ በጎ ሥራቸው በማኅደራቸው እንዲመዘገብላቸው በአክብሮት አመለክታለሁ።»

ይህ ይበቃል። ማጋነን አያስፈልግም፤ የተጋነነ ምስጋና ይጠረጠራልና። ከእኔም አንዳች አልጠየቁም የሚለው ቃል ግን እውነት ከሆነ አይቅር፤ ከሌላው ሁሉ የሚበልጥ ክብር በእርሱ ውስጥ አለ። ደብዳቤው በሁለት ቅጅ ይጻፍ፤ አንዱ ለመዝገብ ቤት ይሰጥ፥ ሁለተኛው ላይ ቀኑና ቍጥሩ ተጽፎበት ከአመስጋኙ ዘንድ ይቈይ። የፖሊሱን ስም ያላወቀ ሰው ቀኑንና ሰዓቱን፥ ቦታውንም አስተካክሎ ቢጽፍ አለቃው ማን በሥራ ላይ እንደ ነበረ ከመዝገቡ ይፈልገዋል። መጻፍ የማይችል ሰው ደግሞ አይፈር፤ የንስሐ አባቱ ወይም የተማረ ልጁ ይጻፍለትና እርሱ ጣቱን ያትምበት።

የአፍ ምስጋናም አይናቅ። ከተቻለ በሳምንቱ ውስጥ፥ በቀን፥ በመሥሪያ ቤቱ፥ አለቃው ባለበት ይነገር እንጂ በምሽት በፖሊሱ ቤት አይሁን። ባልቴቲቱ ወጣቱን ኮንስታብል፥ «ልጄ፥ እግዚአብሔር ያክብርህ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ የእናትህን ዓይን አያስለቅስ» ብላ በባልደረቦቹ ፊት ብትመርቀው ይህ ምርቃት ከማር ገንቦ ይበልጣል፥ የሚያስከስሰውም የለም። ሽማግሌዎች ደግሞ ሁለት ሦስት ሆነው ስለ አጥቢያው ቢያመሰግኑ ነገሩ የአንድ ሰው ወዳጅነት ሳይሆን የሕዝብ ምስክርነት ይሆናል።

ደብሩም የራሱ ድርሻ አለው። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም ሕዝቦች የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር ተመዝግቧል፤ ዓለም የመሰከረለት በዓል በሰላም የሚፈጸመው ግን በዘማሪው ብቻ ሳይሆን ዳር ቆሞ መንገድ በሚያስከፍተው ጠባቂም ነው። ስለዚህ ታቦቱ ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላ አስተዳዳሪው በአውደ ምሕረት ጠባቂዎቹን በስመ ሥራቸው ቢያመሰግን፥ ጠበል ጻዲቅም ሲታደል በአለቃቸው በኩል በግልጥ ለሁሉም እኩል ቢደርስ፥ ይህ የበዓል ማዕድ እንጂ የግል ስጦታ አይሆንም። ከጠባቂዎቹ መካከል ሙስሊም የሆነ ቢኖር ደግሞ ዳቦውና ቆሎው፥ ቀዝቃዛውም ውኃ ለሁሉ የሚስማማ ነውና እርሱ እንዳይረሳ። ለሥልጣን ሁሉ መጸለይን ሐዋርያው አዝዟል፤ በጸሎትም የሚታሰቡት አለቆች ብቻ ሳይሆኑ ሌሊት የሚያድሩት ዘበኞችም ናቸው። ፖሊስ ቢታመም መጠየቅ፥ ቢሞት ልቅሶ መድረስ፥ ልጆቹን አለሁላችሁ ማለት ከምስጋና ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ሙት ምንም ሊመልስ አይችልምና፥ በዚህ ምስጋና ውስጥ የተሸሸገ ወርቅ የለም።

ከዚህ በኋላ አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ ብዙ ደም ፈስሷል፤ ከየወገኑ ያለቀሰ ቤት ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ ዘመን መለዮ የለበሰውን ማመስገን ለአንዳንዱ ወገን መለየት ይመስለዋል። ከሹማምንትና ከመሣሪያ ያዦች በደል የደረሰበት ሰውም ምስጋና የሚለውን ቃል መስማት ይከብደዋል፤ ኀዘኑም ሊከበርለት ይገባል። ነገር ግን ሉቃስ የዩልዮስን ደግነት በጻፈበት መጽሐፍ፥ ከጳውሎስ ገንዘብ ተስፋ እያደረገ ሁለት ዓመት እስር ቤት የተወውን ገዢ ፊልክስንም ጽፎታል። የአንዱን በጎነት መመስከር የሌላውን በደል መሸፈን አይደለም። እንዲያውም በጎውን በስሙ የማይጠራ ሕዝብ፥ ክፉውንም በስሙ ሊወቅስ አይችልም፤ ሁሉም አንድ ናቸው ብሎ ይተዋልና። ሁሉም አንድ ናቸው በተባለበት አገር ደግሞ ደግ ሆኖ መቈየት ለፖሊሱ ምን ይጠቅመዋል?

የሆነ ሆኖ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰላም በጐደለበት ጊዜ ስም በአደባባይ መጠራቱ ለተመስጋኙም ለአመስጋኙም አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ፖሊሱ ራሱ ይጠየቅ፤ ስሜ አይነሣ ካለ ፈቃዱ ይጠበቅ፤ ደብዳቤው ታሽጎ በአለቃው እጅ ብቻ ይሰጥ። መርዶክዮስም ቢሆን እስኪነበብ ድረስ በተዘጋ መጽሐፍ ውስጥ ነበረ።

ጌታ ዐሥሩን ለምጻሞች ባነጻ ጊዜ ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ ነበረ፤ እርሱም የሌላ ወገን ሰው ነበረ። ዘጠኙ ውለታው ጠፍቷቸው አይመስልም፤ ምናልባት ወደ ቤታቸው ቸኵለው ይሆናል። ሰው ምስጋናን የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት ሳይሆን በችኮላ ነው፤ በሬው ተመልሷል፥ እርሻው ይጠብቃል፥ ነገ እሄዳለሁ ይላል። ነገም ይቀራል።

ስለዚህ ደብሩ ከዚህ ኢዮቤልዩ ጀምሮ ከመዝገቦቹ ጋር አንድ የውለታ መዝገብ ቢያኖር መልካም ነው። ለአጥቢያው በጎ ያደረገ ፖሊስ፥ ሐኪምም ቢሆን መምህር፥ ስሙና ሥራው፥ ቀኑም ይጻፍበት፤ ስሙ እንዳይነሣ የፈቀደ ቢኖር ሥራው ብቻ ይጻፍ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ በሚመጣው ኢዮቤልዩ ዛሬ ሕፃን የሆነው ዲያቆን ሽማግሌ ካህን ሆኖ ያን መጽሐፍ ይገልጠዋል። ያን ጊዜ በከተራ ሌሊት በብርድ የቆመው ሰው ምን ክብር ተደረገለት ተብሎ ቢጠየቅ፥ ቢያንስ ተጽፏል ተብሎ ይመለሳል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።